እንቁላል ሠረቀ

የኔታ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ የሥራ ክፍላቸው ወለል ላይ ተደፍተው የተገኙት ረቡዕ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ላይ ነበር። ያገኘቻቸው የቅመም ሻጯ ናት። ከሩብ ሰዓት በፊት ሻይ አድርሳላቸው ነበርና ብርጭቆውን ልትመልስ ብትሄድ፣ ሻዩ በግማሽ ተጠጥቶ ከነሙቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ጠጪው ግን የለም። ጎንበስ ብላ ስታይ ነጩ ጠጉራቸው በደም ርሶ ታያት። ጩኸቷን ሰምቶ አስቀድሞ የደረሰው ጎረቤቷ የዓሣ ሻጩ ነው። እርሱም መደረቢያውን አውልቆ ከራሳቸው ሥር አደረገላቸው።

የኔታ የሚለው ስም ገበያው ያወጣላቸው እንጂ እናታቸው ያወጣችላቸው አይደለም። አርባ ዓመት የሱቅ ሰሌዳ ሲጽፉ ኖረው፣ ወገባቸው መሰላል መውጣት ሲያስቸግረው የገበያው ኮሚቴ የደንበኞች ጸሐፊ አድርጎ ሾማቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ መደብሮች ሸማቹን እየነጠቁ ባስቸገሩ ጊዜ፣ ኮሚቴው ለእያንዳንዱ ሸማች ካርድ፣ ለእያንዳንዱ ሻጭም ካርድ የምታነብ መዳፍ የምታህል መሣሪያ አመጣ። የገዛ ሁሉ ካርዱን ያስነካል፤ ነጥብ ይጠራቀምለታል፤ ወዲያው በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል፤ ነጥቡ ሲሞላም የሚወደውን ዕቃ በነጻ ይወስዳል። ለሻጩም ዋጋ አለው። አዳራሹ ሲታደስ በመግቢያው ፊት የሚሠሩት ዐሥር መደቦች ብዙ ነጥብ ላስመዘገቡ ሻጮች እንዲሰጡ ተወስኗልና።

ኢንስፔክተሩ በደረሰ ጊዜ አዛውንቱን ወደ ሆስፒታል ወስደዋቸው ነበር። ክፍሏ ሁለት ሰው የማትይዝ ናት። የደረጃው የብረት ማዕዘን ወደ ውስጥ ወጣ ብሏል፤ በእርሱም ላይ ደም አለ። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆው፣ የቀለም ብልቃጥና አንድ የኮምፒውተር ስክሪን ነበሩ። በስክሪኑ ላይ የመደቦቹ ስም በተርታ ተዘርዝሯል፤ አንዳንዱ ደማቅ ነው፤ አንዳንዱ ፈዟል። ኢንስፔክተሩ ምን እንደ ሆነ አልገባውም፤ አልጠየቀምም። የቅመም ሻጯ ዙሪያዋን ቃኝታ፣ የኔታ ከእጃቸው የማይለዩት ጥቁር ደብተር እንደ ሌለ ነገረችው። በዕለቱ ብዙ ነገር ነግራዋለች፤ ሻይ ልታደርስ ስትሄድ የዓሣ ሻጩ በሣጥን ላይ ያስቀመጠው የእንቁላል ትሪ አደናቅፏት ሻዩን ልትደፋው እንደ ነበረ እንኳ ሳይቀር። ሰው ሲደነግጥ የሚረባውንም የማይረባውንም ያወራል ብሎ አለፈው።

ደብተሩ ባይኖርም፣ የኔታ በወደቁበት ሥፍራ በቀኝ እጃቸው ሥር ከደብተሩ የተቀደደች ቁራጭ ወረቀት ተገኝታ ነበር። ረዳቱ ሳጅን በጥፍሯ ጫፍ አነሣቻት። በላይዋ ላይ በዚያ ሰው ሁሉ በሚያውቀው በተዋበ ጽሕፈታቸው አጭር ነገር ተጽፎባታል። ሳጅኗ ጮክ ብላ አነበበችው።

«እንቁላል ሰረቀ። ስምንት ከዐሥራ አራት።»

ይህንኑ በማስታወሻዋ ገለበጠች፤ ወረቀቷን በፖስታ አሽጋ አኖረች። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ማሸጊያ አልፈለገም። አንዱ በሹክሹክታ «ቅርፊት» አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ደቂቃ ሳይሞላ ስሙ አዳራሹን ዞሮ ተመለሰ።

ቅርፊት የእንቁላል ሻጯ ታናሽ ወንድም ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ እንቁላል ሰርቆ በሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ ሲሮጥ ወድቆ፣ ቅርፊቱ ደረቱ ላይ ተለጥፎ ተይዟል። አሁን ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ስሙ ግን አልረገፈለትም። ከእኅቱ ግቢ ወደ አዳራሹ እንቁላል ያመላልሳል። ከሦስት ወር ወዲህ ደግሞ አዳራሹን ጠዋት የሚከፍተው እርሱ ነው፤ የክፍሎቹ ሁሉ ቁልፍ በኪሱ ነው። ኮሚቴው ሌባ ነበር ብሎ ሲያቅማማ፣ ዋስ የሆኑት የኔታ ናቸው።

ሳጅኗ ያዘችው ሁለት መቶ እንቁላል የሞላ ቅርጫት በትከሻው ተሸክሞ ሲያልፍ ነው። አልተቃወመም። ቅርጫቱን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ ካሳረፈ በኋላ እጆቹን ዘረጋላት።

ሐኪሞቹ በዚያው ምሽት ለኢንስፔክተሩ ደውለው፣ አዛውንቱ እንዳልነቁ፣ ሊነቁም ላይነቁም እንደሚችሉ ነገሩት። ካረፉ ክሱ የነፍስ ግድያ ነው። መዝገቡ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለዐቃቤ ሕግ ይቀርባል። ለቅርፊት ሁለት ቀን ብቻ ቀረው ማለት ነው።

እንቁላልና ዶሮ በጠረኑ ምክንያት ከአዳራሹ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለ ግቢ ይሸጣል። ከዚያ እስከ ደረጃው ሥር በገበያ ቀን በሰው መካከል እየተጋፉ ሲሄዱ ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ሳጅኗ ሁለት ጊዜ በእግሯ ለክታዋለች። ሐሙስ ጠዋት ሲደርሱ የእንቁላል ሻጯ ሥራዋን አላቆመችም ነበር። ከካርቶን በተሠራች ሣጥን ውስጥ አምፖል አብርታ፣ በጎኗ ባለው ቀዳዳ ላይ እንቁላሉን አንድ በአንድ እያስጠጋች ታያለች። ውስጡ ጠርቶ ከበራ ወደ ትሪው፣ ከጠቆረ ወደ ባልዲው። ለሠላሳ እንቁላል አምስት ደቂቃ ያህል ይወስድባታል። የቸኮለ ሸማች ከሌላ ይግዛ ትላለች።

ወንድሟን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እርስዋ መሆኗን፣ ከዚያች ከልጅነት ነገር ወዲህ የሰው ነገር ነክቶ እንደማያውቅ ነገረቻቸው። ይህን ስትናገር ድምፅዋ የጸና ነበር። ቀጥላም፦

«ወረቀቱ ምን ይላል፣ ጌታዬ? እኔ ፊደል አልቆጠርሁም» አለች።

ሳጅኗ ከማስታወሻዋ አነበበችላት። ሴትዮዋ የያዘችውን እንቁላል ከቀዳዳው ላይ እንደ አስጠጋች ቀረች።

«አሁንም እንቁላል?» አለች በመጨረሻ። ከዚያም ዓይኗን ከእንቁላሉ ሳታነሣ፣ «የኔታ የማይሆን አይጽፉም። ይህን አድርጎት ከሆነ ቤቴን እንዳይረግጥ ንገሩልኝ።»

ኢንስፔክተሩ መልእክቱን አላደረሰም። ቅርፊት ግን ሳይነገረው ያወቀ ይመስል ነበር። ጥያቄውን ሁሉ ወለል ወለሉን እያየ መለሰ። በዚያች ሰዓት ቅርጫት ተሸክሞ በአዳራሹ ውስጥ ያልፍ ነበር፤ ያየው ሰው ይኖራል ወይ ቢሉት፣ ተሸካሚን ማን ያያል፣ የሚታየው ቅርጫቱ ነው አለ። በየኔታ በር አጠገብ ሲያልፍ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «እስከ ዓርብ ብዬሃለሁ» ሲሉ ሰምቷል፤ በስልክ የሚያወሩ መስሎት አልፏል።

«እኔ በቀን ስድስት መቶ እንቁላል እሸከማለሁ፣ አለቃ» አለ ኋላ። «ልሰርቅ ካማረኝ፣ የኔታን አስጽፌ ነው የምሰርቀው?»

ኢንስፔክተሩ ከክፍሉ እየወጣ ነገሩን አሰላሰለ። አንድ ሰው እንቁላል ስለ ሰረቀ ሽማግሌ ይመታል? እንቁላሉን ትቶስ ደብተሩን ይወስዳል? የተሰረቀስ እንቁላል የታለ? በቅርጫቱ ያለው ተቆጥሮ አንድም አልጎደለም። ነገሩ አንድ ጫፉን ሲይዙት በሌላው የሚያመልጥ ሆነበት።

ሌላ መንገድ ፈለገና ሥጋ ሻጩ ዘንድ ሄደ። ሥጋ ሻጩ ከሁለት ሳምንት በፊት በምስክር ፊት የኔታን እጃቸውን እሰብረዋለሁ ብሎ ዝቶ ነበር። ምክንያቱ ቢጠየቅ ሰሌዳ ነው። በሱቁ ላይ «ስጋ» ተብሎ በእሳቱ ሰ ተጽፎ ሲያዩ የኔታ እንቅልፍ አጡ፤ አንድ ማለዳ ባለቤቱ ሳይመጣ፣ ወገባቸውን እያመማቸው መሰላል ወጥተው በንጉሡ ሠ «ሥጋ» ብለው ጻፉት። እርሱም ሰሌዳዬን አበላሹ ብሎ ተቆጣ።

«ሥጋው ያው ሥጋ ነው» አለ ሥጋ ሻጩ ለኢንስፔክተሩ፤ ጉንጩ አብጦ ቃሉ አልጠራም። «በእሳትም ተጻፈ በንጉሥም ተጻፈ ይበላል። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ጌታው፤ ሰው ሰሌዳውን ለማየት ሲቆም ይገዛኝ ጀመር። ለምን እመታቸዋለሁ? ሌላ ሰሌዳ እንዲጽፉልኝ ልለምናቸው ነበር እንጂ።»

ረቡዕ በስምንት ሰዓት ደግሞ ጥርሱን ሊያስነቅል ሐኪም ፊት አፉን ከፍቶ ተቀምጦ ነበር። ሐኪሙም መሰከረለት፤ ጉንጩም መሰከረለት።

የዓሣ ሻጩ በመጀመሪያው ቀን ከመደቡ እንዳልተነሣ ተናግሮ ነበር። መደቡ ከየኔታ በር ዐሥር እርምጃ አይርቅምና ኢንስፔክተሩ ሐሙስ ዕለት እንደ ገና ቢጠይቀው፣ ግንባሩን መታ አድርጎ በድንጋጤ ረስቼው ነው አለ። ለካስ እንቁላል ሊገዛ ሄዶ ነበር። ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን አሳየ፤ በረቡዕ ዕለት፣ ከእንቁላል ሻጯ መደብ፣ ስምንት ሰዓት ከዐሥራ አራት ላይ ነጥቡ ተመዝግቦለታል። ከዚያ ግቢ ዐሥር ደቂቃ ተጉዞ መደቡ ሲደርስና የቅመም ሻጯ ስትጮኽ አንድ ሆነ። የኔታ በስምንት ከዐሥራ አራት በጤና ተቀምጠው ሲጽፉ እንደ ነበር ወረቀታቸው ይመሰክራል፤ እርሱም በዚያች ደቂቃ ከመንገዱ ማዶ እንደ ነበር መሣሪያው ይመሰክራል።

የእንቁላል ሻጯም መምጣቱን አልካደችም፤ ሠላሳ እንቁላል ገዝቷታል። ስንት ሰዓት ላይ ብትባል ዓይኗን ጨፍና አሰበች። የአዳራሹ ወለል ሳይታጠብ፣ ከሰባት ሰዓት ተኩል በፊት መሰለኝ አለች። ከዚያ ወደ መሣሪያዋ ተመልክታ ፈራች።

«መሣሪያው ስምንት ከዐሥራ አራት ካለ እርሱ ያውቃል፤ እኔ ሰዓት የለኝ» ብላ ቃሏን ለወጠች።

ኢንስፔክተሩ የመሣሪያዋን መዝገብ አስመጥቶ ሲያይ ደግሞ ባሰበት። በስምንት ከዐሥራ አራት የተመዘገበው የዓሣ ሻጩ ብቻ አይደለም። በዚያችው ደቂቃ ሰባት ሰዎች እንቁላል ገዝተዋል። አንዷን ጡረተኛ መምህርት በስልክ ቢጠይቃት፣ እኔ የገዛሁት ምሳ ሳልበላ ነው አለችው። ሌላው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ብሎ ማለ። ሦስተኛው መግዛቱን እንጂ ሰዓቱን አላስታወሰም። እንግዲህ ሰው ሁሉ ይዋሻል ማለት ነው፤ ወይም ሰው ሁሉ ዘንግቷል። ኢንስፔክተሩ እርሳሱን ጣለና፣ ሦስተኛ ነገር ሊኖር ይችላል፣ እርሱም የእኔ አለመገንዘብ ነው ሲል አሰበ፤ ይህን ግን በመዝገቡ ላይ አልጻፈውም።

ዓርብ ጠዋት በቢሮው ውስጥ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ እያዘጋጀ ነበር። «ተጠርጣሪው እንቁላል ሰረቀ ሲሉ ተጎጂው በእጃቸው ጽፈው ተገኝተዋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ሦስት ጊዜም ልቡ አልተቀበለውም። ሳጅኗ በወዲያኛው ጠረጴዛ ለቁርስ ያመጣችውን ቅቅል እንቁላል እየላጠች ነው። ከቅመም ሻጯ የገዛችውን ቁንዶ በርበሬ ከወረቀት ጥቅሉ ፈታች፤ ነስነስ አደረገችና ወረቀቱን ዓይኗ አየው። ማላመጧን ተወች።

«ጌታዬ» አለች፣ «ዓሣም ሰርቋል።»

«ማን?»

«ዓሣ። ሁለት ከአርባ ላይ። ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ቅቤ ሰርቋል። ኧረ ገበያው በሙሉ ሌባ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ተነሥቶ ወረቀቱን ወሰደ። የየኔታ ጽሕፈት ነው። አዛውንቱ ያለቁትን ገጾች እየቀደዱ ለቅመም ሻጯ መጠቅለያ ይሰጧት እንደ ነበር ኋላ ታወቀ። በገጹ ላይ በተርታ «ዓሣ ሠረቀ። ቅቤ ሠረቀ። ሥጋ ዐረበ። ቅቤ ዐረበ። እንቁላል ዐረበ። እንቁላል ሠረቀ።» ይላል፤ ከየአንዳንዱም ጋር ሰዓት አለው።

«ቅቤ ምን ሆነ ይላል?»

«ዐረበ።»

«ቅቤ እንዴት አድርጎ ያርባል?»

ሳጅኗ ይቀልጣል እንጂ መቼም ያርባል ሲባል አልሰማሁም አለች። እርሱ ግን አልሣቀም። ዓይኑን ከወረቀቱ ወደ መዝገቡ፣ ከመዝገቡ ወደ ወረቀቱ አመላለሰ። በመዝገቡ ያለው በሁለት እግሩ የቆመው እሳቱ ሰ ነው። በወረቀቱ ያለው ሦስት ጣቶቹን ወደ ላይ የዘረጋው ንጉሡ ሠ ነው። መሳቢያውን ከፍቶ የታሸገውን ፖስታ ቀደደ። ከየኔታ እጅ ሥር የተገኘችው ወረቀት እንዲህ ትላለች፦ «እንቁላል ሠረቀ። ፰ ከ፲፬።»

«ስትገለብጪ በእሳቱ ጻፍሽው» አላት።

«ያው አይደለም እንዴ?»

«ለእኔና ላንቺ ያው ነው። ስለ ሥጋ ሰሌዳ ብለው መሰላል ለወጡ ሰው ግን ያው አይደለም።»

በልጅነቱ በመምህር እግር ሥር ተቀምጦ የተማረውን፣ ለሠላሳ ዓመታት ያልፈለገውን ነገር ከውስጡ ጎትቶ አወጣው። በእሳቱ ሲጻፍ ሌባ ነው። በንጉሡ ሲጻፍ ግን ፀሐይ ናት፤ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ምሥራቅም የተባለው ከዚያ ነው። ዐረበ ደግሞ ገባ፣ ጠለቀ፤ ምዕራብ ከዚያ ነው። የኔታ ማንንም አልከሰሱም።

«እንቁላል በራ?» አለች ሳጅኗ። «ምኑ ነው የሚበራው?»

ኢንስፔክተሩም አላወቀም። ያን ጊዜ በየኔታ ክፍል ያየው ስክሪን ትዝ አለው፤ አንዳንዱ ደማቅ፣ አንዳንዱ የፈዘዘ የመደብ ስም። ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

የእንቁላል ሻጯን አምፖሉ ፊት አገኟት። መሣሪያዋን እንድታሳየው ጠየቃት። በመሣሪያዋ ግንባር ላይ አረንጓዴ መብራት አለ፤ ኔትዎርክ ሲመጣ ይበራል፤ ሲሄድ ይጠፋል። መቼ መቼ እንደሚጠፋ ቢጠይቃት፣ የዶሮ ጫኙ መኪና በሩ ላይ ቆሞ ሲያራግፍ ሁልጊዜ ይጠፋል አለች፤ የብረት ቀፎው ግቢውን ይደፍነዋል። ረቡዕ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት አልፎ እዚያው ቆሞ ነበር።

«መብራቱ ሲጠፋ ካርድ አታስነኪም?»

«አስነካለሁ እንጂ። የኔታ ግድ የለሽም፣ ትይዝልሻለች ብለውኛል።»

መኪናው ያን ሰዓት በሩቅ ቆሞ ነበር። ኢንስፔክተሩ ሾፌሩን ለምኖ በሩ ላይ አስቆመው፤ አረንጓዴው መብራት ጠፋ። ሳጅኗ አምስት እንቁላል ገዛችና ካርዷን አስነካች። ሴትዮዋ አምስቱንም አንድ በአንድ በአምፖሉ አይታ ሰጠቻት። ስልኳ ዝም አለ። ሦስት ሰዓት ከዐሥር ነበር። እንቁላሎቹን በጉልበቷ ላይ አድርጋ አንድ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ሾፌሩ ቤንዚኔን አስጨረሳችሁኝ እያለ አጉረመረመ። ሦስት ከአርባ ላይ መኪናው ተነሣ፤ አረንጓዴው መብራት በራ፤ የሳጅኗም ስልክ በጉልበቷ ላይ ተንቀጠቀጠ።

መልእክቱን አይታ ለኢንስፔክተሩ አቀበለችው። ነጥብዎ በሦስት ሰዓት ከአርባ ተመዝግቧል ይላል።

መሣሪያዋ የምትመዘግበው ሰው የገዛበትን ሰዓት አልነበረም፤ የምትበራበትን ሰዓት እንጂ። ሰባቱ ሰዎች በሰባት ልዩ ልዩ ሰዓት ገዝተው ሁሉም በስምንት ከዐሥራ አራት አብረው ወጡ። የኔታ ደግሞ መሣሪያዎቹ በስክሪናቸው ላይ ሲበሩና ሲጠፉ፣ በዚያ ማንም በማይጋራቸው ቋንቋ እየጻፉ ያቆዩ ነበር።

የእንቁላል ሻጯ እጇን ልብሷ ላይ ጠረገች።

«እኔኮ ወለሉ ሳይታጠብ ነው የመጣ ብዬ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔን ማን ይሰማኛል ብዬ ተውሁት።»

ኢንስፔክተሩ ያን ጊዜ፣ የቅመም ሻጯ በመጀመሪያው ቀን ያወራችውንና እርሱ የማይረባ ብሎ ያለፈውን አስታወሰ። ስምንት ከዐሥር ላይ ሻይ ይዛ ስትሄድ ያደናቀፋት የእንቁላል ትሪ የዓሣ ሻጩ ነበር። በስምንት ከዐሥራ አራት ተገዛ የተባለው እንቁላል፣ ከአራት ደቂቃ በፊት ከመንገዱ ወዲህ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የዓሣ ሻጩ ሲያያቸው ዓሣ እየፋቀ ነበር። ኢንስፔክተሩ ስለ እንቁላሉ ትሪ ብቻ ጠየቀው። ሰውዬው ቢላውን ሳያስቀምጥ ስለ ስልኩ መልእክት ደግሞ መናገር ጀመረ፤ መሃል ላይ ተወው። ሳጅኗ ከመደቡ ኋላ ወዳለው፣ በረዶው ሟሙቶ ውሃ ወደ ሆነበት በርሜል ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሰደደች። ያወጣችው ጥቁር ደብተር ነበር። ሰውዬው እንኳን ሊደነግጥ፣ ቀለል ያለው መሰለ፤ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ የነበረ ጽሕፈት ምን ይቀርለታል?

ሳጅኗ ገለጠችው። ገጾቹ ተነፍተዋል፤ ፊደሎቹ ግን ዛሬ የተጻፉ ይመስል ጥቁር ናቸው። የኔታ ቀለም አይገዙም። ከኩራዝ ጥላሸትና ከሙጫ ራሳቸው ይበጠብጡታል፤ ከደረቀ በኋላ ውሃ አይወስደውም። በመጨረሻዎቹ ገጾች የዐሥራ ዘጠኝ ካርዶች ዝርዝር ነበር። ባለቤቶቻቸው የሞቱ፣ ወይም አገር ለቀው የሄዱ ናቸው፤ ካርዶቻቸው ግን በየቀኑ ከአንድ መደብ ዓሣ ይገዛሉ። በሕዳጉ ላይ አዛውንቱ «ከሞት በኋላ ዓሣ የበላ አንድ ብቻ ነው» ብለው ጽፈዋል።

የዓሣ ሻጩ በባልዲ ላይ ተቀመጠ። የፊተኛውን መደብ ስለ ፈለገ በሟቾች ካርድ ነጥብ ሲያጠራቅም ቆይቷል። የኔታ ደርሰውበት ለብቻው ጠርተው መከሩት፤ ለኮሚቴው በራሱ አፍ እንዲናገር እስከ ዓርብ ቀን ሰጡት። ረቡዕ ሊለምናቸው ገባ፤ እርሳቸውም እየሰሙት ስክሪኑን አይተው አንዲት መስመር ጻፉ፤ እስከ ዓርብ ብዬሃለሁ አሉት። ደብተሩን ሲነጥቃቸው አልለቅ አሉ፤ ገፋቸው፤ የደረጃው ብረት መታቸው። ያቺ ቁራጭ በእጃቸው ቀረች።

«ለምን አልወሰድሃትም?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«አንብቤያታለሁ» አለ ሰውዬው። «እንቁላል ሰረቀ ትላለች። ትጠቅመኛለች ብዬ ተውኋት።»

የኔታ እሑድ ዐይናቸውን ገለጡ። ኢንስፔክተሩ ሄዶ ጉዳዩን ሁሉ በየተራው ሲነግራቸው አዳመጡት፤ ሳጅኗ በእሳቱ መገልበጧን ሲሰሙ ግን ዐይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። ሕመሙ የተነሣባቸው መስሎት ሐኪም ሊጠራ ሲነሣ፣ በደከመ ድምፅ እርስዋን አምጣልኝ፣ ወረቀትም ይዛ ትምጣ አሉት።

ቅርፊት የተፈታው ከዚያ አስቀድሞ፣ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። ኢንስፔክተሩ ሲለቀው የቃሉን ፍቺ ነግሮታል። ማንም ሊቀበለው አልመጣም። በእግሩ ወደ እንቁላሉ ግቢ ሄደ። ባዶው ቅርጫት በሁልጊዜ ሥፍራው ተቀምጧል። እኅቱ አየችውና ቀና ሳትል፦

«እኔ ማንበብ ብችል ኖሮ አላምናቸውም ነበር» አለች።

«ያሰሩኝ እኮ የሚያነቡት ናቸው፣ እትዬ።»

እርሱ አልተቀመጠም፤ አልሄደምም። እርስዋ አምፖሏን አበራችና አንድ እንቁላል አንሥታ ከቀዳዳው አስጠጋችው፤ ውስጡ ጠርቶ፣ ቀላ ብሎ በራ።

«የኔታ ምን ብለው ነበር የጻፉት?» አለች።

«እንቁላል ሠረቀ።»

እጇ ቀጥ አለ። ያው ቃል ነው፤ ሐሙስ ዕለት በዚሁ ሥፍራ የተነበበላትም ይኸው ነበር፤ በጆሮ ሲሰሙት አንድ ነው። የሁለቱን ሰ ጠብ ግን ከሥጋ ሻጩ ሰሌዳ ወዲህ ፊደል ያልቆጠረውም የገበያ ሰው ያውቀዋል። ወንድሟን ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ ፊቱን አየችው።

«በየትኛው?» አለችው።

«በንጉሡ።»

እንቁላሉን በእጇ አገላብጣ፣ ጎንበስ ብላ ቅርጫቱ ውስጥ አኖረችለት።